ልጃችሁ «ኢትዮጵያ መቼ ተመሠረተች?» ብሎ ሲጠይቅ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

አንድ አሜሪካዊ ልጅ ሀገሩ መቼ እንደተመሠረተች ብትጠይቁት 1776 ይላችኋል። የጋና ልጅ 1957 ይላል። የኛ ልጅ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ አስተማሪው ይለያያል። አንዱ «ሦስት ሺህ ዓመት» ይላል። ሌላው አክሱምን ይጠራል፣ ሌላው ምኒልክን፣ ሌላው ደግሞ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት። ከዚያ አባትና አጎት መሃል ክርክር ይነሣል። ልጁም ጥያቄውን ረስቶ ቲቪ ይከፍታል።

የእኔ ምክር ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ፈልጋችሁ አትስጡት። ኢትዮጵያ አንድ የልደት ቀን የላትም። የየራሳቸው መነሻ ያላቸው ሕዝቦች በተለያየ ጊዜ ተገናኝተዋል። አንዳንዴ በንግድና በጋብቻ፣ አንዳንዴ በጦር። ዛሬ ካርታ ላይ የምናያት ሀገር የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ለልጅ ማስረዳት ይቻላል። ዋናው ነገር በወሬ ብቻ አለማስረዳት ነው። ልጅ የሚነካውና የሚለካው ነገር ይፈልጋል።

ከዚህ በታች ያለው ከሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይሆናል። ለትልልቆቹ ብቻ የሚሆነውን በየቦታው እጠቁማለሁ። በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ለመጨረስ አትሞክሩ። አንድ ደረጃ ለአንድ ቀን ይበቃል፣ እሱም ከግማሽ ሰዓት ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ይህ ነው፦ አራት ቀለም ያለው የሹራብ ክር፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር። የልብስ ሰፊ ሜትር። ትናንሽ የወረቀት ቁራጮችና ስቴፕለር። የዛሬዋ ኢትዮጵያ ካርታ። አንድ ደብተር። በቃ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አቆጣጠሩን አስተካክሉ

ይህን ከዘለላችሁት ኋላ ላይ ትጣላላችሁ። ልጁ በትምህርት ቤት ዓድዋ 1888 ይማራል፣ ዩቲዩብ ላይ 1896 ያያል፣ ከዚያ «አንዱ ተሳስቷል» ይላል። ሁለቱም ልክ እንደሆኑ አሳዩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ቀናት ድረስ ከፈረንጆቹ በሰባት ዓመት እንለያለን። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ማብቂያ በስምንት። ዓድዋ የካቲት 23 ስለሆነ ልዩነቱ ስምንት ነው። ልጁ ራሱ ቀንሶ ያግኘው።

እኔም እዚህ ዓ.ም. ስል በእኛው አቆጣጠር ነው። በጣም የቆዩትን ዘመናት ግን መጻሕፍቱ እንደሚያደርጉት እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ።

ደረጃ 1፦ ከአያት ጀምሩ

የሀገር ታሪክ ከንጉሥ ሲጀምር ልጅ ይደክመዋል። ከአያቱ ሲጀምር ግን ጆሮውን ያቆማል። ልጁን ወደ ቤተሰቡ ትልቅ ሰው ላኩትና ይህን ይጠይቅ፦ «እማማ፣ እርስዎ ሲወለዱ ይህ አካባቢ ምን ይባል ነበር?» አያት በአካል ከሌሉ በስልክም ይሆናል።

መልሱ ይገርማችኋል። በንጉሡ ዘመን አርባ ምንጭ አካባቢ የተወለዱ አንዲት ሴት ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ይላሉ። ደርግ ሲመጣ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከዚያ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆነ። አሁን ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ሴትዮዋ ከሰፈራቸው ንቅንቅ ሳይሉ አራት አድራሻ ቀይረዋል!

ልጁ የየዘመኑን ስም በደብተሩ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ይጻፈው። የራሱን የትውልድ ቦታም ይጨምር። ከዚህ የሚማረው ነገር ቀላል አይደለም፦ ሀገር አንዴ ተሠርቶ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ እስከ ትናንት ድረስ ሲሠራ ነበር። የሲዳማ ክልል የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከልጃችሁ ሊያንስ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ክሩን ዘርጉ

የመጀመሪያውን ክር ግድግዳ ላይ ለጥፉ ወይም ወለል ላይ ዘርጉ። አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ዓመት ነው። የቀኝ ጫፉ ዛሬ ነው። ከዛሬ ወደ ግራ እየለካችሁ ወረቀቶቹን በስቴፕለር አያይዙ።

መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ ለኩ። አሥር ዓመት ከሆነው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቅር ይለዋል፣ ይበለው። ቀጥሎ የአያቱን ዕድሜ፦ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ። አሁን ዓድዋን ለኩ። 13 ከምናምን ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ የሁለት አያት ዕድሜ ማለት ነው። «ያን ያህል ሩቅ አይደለም እንዴ?» የሚል ልጅ ካላችሁ ሥራው ግማሽ አልቋል።

የቀሩትን በዚህ መልክ አስቀምጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 3 ሴንቲ ሜትር ላይ። የጣሊያን ወረራ 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። የአፄ ቴዎድሮስ መንገሥ 17 ላይ። የጎንደር ከተማ መቆርቆር 39 ላይ። የኢማም አህመድ ኢብራሂም ዘመቻ 50 ላይ። ይኩኖ አምላክ የነገሠበት እ.ኤ.አ. 1270፣ 75 ላይ። ላሊበላ 80 ላይ። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ ነጃሺ የተሰደዱበት 141 ላይ። የአክሱሙ ኢዛና 1 ሜትር ከ70 አካባቢ። ንግሥት ማክዳ በትረካው መሠረት 3 ሜትር ላይ፣ ክሩ ሊያልቅ ሲል።

«ሉሲስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በዚያው ክር ላይ እናስቀምጣት ካላችሁ 3.2 ኪሎ ሜትር ክር ያስፈልጋችኋል። ልጁን ይዛችሁ ውጡና ከቤታችሁ 3.2 ኪሎ ሜትር የት ድረስ እንደሆነ አሳዩት። ሉሲ የኢትዮጵያ መሬት ላይ ተገኘች እንጂ ኢትዮጵያዊት አልነበረችም። ሀገር የሚባል ነገር ያኔ የለም። ብዙ አዋቂ ሰው ራሱ ይህን ይቀላቅለዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የክሩ የቀኝ ጫፍ ይጨናነቃል። ለመጨረሻዎቹ 17 ሴንቲ ሜትሮች ሌላ ረጅም ወረቀት አዘጋጁና አንድ ሴንቲ ሜትርን አንድ ዓመት አድርጉት።

ደረጃ 3፦ የሚተረከውንና የሚታየውን ለዩ

እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ይፈራል። የማክዳንና የሰሎሞንን ታሪክ ከነገረው ልጁን ያታለለ ይመስለዋል፣ ካልነገረው ደግሞ ቅርሱን የነጠቀው። ሁለቱም አያስፈልግም። ሁለት ምልክት አዘጋጁ። ክብ ምልክት «የምናየው ማስረጃ አለው» ማለት ይሁን። ሦስት ማዕዘን ደግሞ «ሲተረክ የመጣ ነው» ማለት ይሁን። ክሩ ላይ ያለ ወረቀት ሁሉ አንዱን ያግኝ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም።

ማክዳ ሦስት ማዕዘን ታገኛለች። ታሪኳ የተጻፈበት ክብረ ነገሥት የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ክሩ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ልጁ በ3 ሜትርና በ70 ሴንቲ ሜትር መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኑ ያያል። ግን እዚያ አታቁሙ። ትረካው ራሱ ታሪክ ሠርቷል። ነገሥታቱ ለዘመናት «የሰሎሞን ዘር ነን» ብለው ነግሠውበታል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የአፄ ኃይለ ሥላሴን የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ያያይዛል። ስለዚህ ለልጁ የሚቀርበው ጥያቄ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አይሁን። «ሰዎች ይህን ታሪክ ለምን ፈለጉት?» ይሁን።

የእምነት ጉዳይ የሆነውን፣ ለምሳሌ ስለ ታቦተ ጽዮን የሚታመነውን፣ በእምነቱ ቦታ ተዉት። ምልክት ካልለጠፍን ብላችሁ ከልጅ ጋር አትከራከሩ።

ለክብ ምልክቱ ከአክሱም ሳንቲም የተሻለ የለም። የኢዛናን ሁለት ዓይነት ሳንቲም ፎቶ ከኢንተርኔት አውጡና ጎን ለጎን አድርጉ። በቀደመው ላይ ጨረቃና ክብ ነገር አለ። በኋለኛው ላይ መስቀል። ምንም ሳትናገሩ «ምን ተቀየረ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ንጉሡ ሃይማኖቱን እንደቀየረ ልጁ ራሱ ይደርስበታል፤ ያውም ከ1,600 ዓመት በላይ ከቆየ ብረት ላይ አንብቦ። ለአንድ ልጅ ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት አላውቅም።

ቀጥሎ የሐውልቱን ታሪክ ንገሩት። 24 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልት ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ሮም ወሰዱት። በ1997 ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ጦረኛ ወርቅ ትቶ ድንጋይ ለምን ይወስዳል? ይህን ልጁ ያስብበት።

ደረጃ 4፦ ሌሎቹን ክሮች ጨምሩ

እስካሁን የዘረጋችሁት በአብዛኛው የሰሜኑን ክር ነው። የብዙ መጽሐፍና የብዙ ወላጅ ስህተት እዚህ ማቆሙ ነው። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ አለቀ። የከፋ ልጅ ወይም የሐረር ልጅ ይህን ሲሰማ «የኛዎቹ የት ነበሩ?» ይላል። ልክ ነው።

ሁለተኛውን ክር ከመጀመሪያው በታች ዘርጉ። ይህ የሐረር ይሁን። የጀጎል ግንብ በኢማም አህመድ ማግሥት፣ በአሚር ኑር ዘመን ተሠራ። 47 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አስቀምጡት። ሐረር የራሷ አሚሮች፣ የራሷ ገንዘብና የራሷ ንግድ ነበራት።

ሦስተኛው ክር የደቡብ ምዕራብ ይሁን። የከፋ መንግሥት በትውፊቱ መሠረት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀመረ፣ 63 ላይ። ሦስት ማዕዘን ምልክት ስጡት። የጅማ መንግሥት 19 ወይም 20 ላይ ይጀምራል።

አራተኛውን ልጁ ይምረጥ። የእናቱ ወይም የአባቱ ወገን ከየት እንደሆነ ይወስናል። ኦሮሞ ከሆነ ገዳን አስገቡ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት ሥርዓት ስለሆነ ክሩ ላይ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ልጆች በእስክሪፕቶ እየነጠቡ መቁጠር ይወዳሉ። አፋር ከሆነ የአውሳ ሱልጣኖች አሉ። ወላይታ ከሆነ የካዎዎቹ፣ ማለትም የንጉሦቹ፣ ሐረግ።

ክሮቹ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንደሄዱ አታስመስሉ። በአፄ አምደ ጽዮን ዘመን ሐድያና ኢፋት ይገብሩ ነበር። የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት እቴጌ እሌኒ የሐድያ ንጉሥ ልጅ ነበረች። በኢማም አህመድ ጊዜ ደግሞ ኃይሉ ተገለበጠና ከአዳል የተነሣው ጦር ሰሜን ድረስ ዘለቀ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ የሀገሩን ገጽታ ለወጠው። ስለዚህ ክሮቹን በየዘመኑ አንዴ አቀራርቡ፣ አንዴ ፍቱ። ወደ ቀኝ ጫፍ ስትጠጉ ግን ጥብቅ ቋጠሮ ይመጣል። እዚያ እስክንደርስ አትቋጥሩ።

ደረጃ 5፦ ዘመነ መሳፍንትን ተጫወቱት

ይህ አጭር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1769 እስከ 1855 ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበር፣ የሚሰማው ግን አልነበረም። ሥልጣኑ በየአካባቢው ባሉ መሳፍንት እጅ ነው። ለልጆች ይህን በቃል ማስረዳት ከንቱ ነው። ትንሹን ልጅ ዘውድ አድርጉለት፣ ሶፋ ላይ አስቀምጡት፣ ትእዛዝ ይስጥ። ሌሎቻችሁ እጅ ትነሣላችሁ፣ ትእዛዙን ግን ማንም አይፈጽምም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለቅሳል ወይም ይስቃል። ዘመነ መሳፍንት ገብቶታል።

ከዚያ ቴዎድሮስ መጣ በሏቸው። ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፎ በ1847 ዓ.ም. ነገሠ። አንድ ማዕከል፣ አንድ ጦር ፈለገ። እንግሊዞች መጥተውበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን አጠፋ። ለታናናሾቹ «እጅ አልሰጥም ብሎ ሞተ» ማለት ይበቃል። አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ነግሠው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ፣ ከፊታችሁ ከባዱ አለ።

ደረጃ 6፦ ሦስቱ ዓመታት

ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ደረጃ ይህ ነው። ትልቁን ወረቀት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ዓመት የሆነውን አውጡ። ሦስት ተከታታይ ዓመት ላይ ጻፉ፦

1887 ዓ.ም.፣ ወላይታ።
1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ።
1889 ዓ.ም.፣ ከፋ።

በመጀመሪያው የምኒልክ ጦር ወላይታን ዘምቶ ካዎ ጦናን አሸነፈ። በሁለተኛው የጣሊያንን ጦር ዓድዋ ላይ ድል አደረገ። በሦስተኛው ከፋ ላይ ዘመተ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም አዲሱ ዓመት እንደገባ ተማረከ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ናቸው። ሦስቱ ዓመታት ጎረቤት ናቸው። አብዛኛው ሰው ለልጁ አንዱን ብቻ ይነግራል። ዓድዋን ብቻ የሚነግር አለ፤ ሌሎቹን ብቻ የሚነግርም አለ። ሁለቱም ግማሹን ደብቀዋል።

ከዓድዋ ጀምሩ፣ ልጆች ይወዱታልና። ካርታውን ዘርጉ። ከአዲስ አበባ ምኒልክና ጣይቱ። ከሐረር ራስ መኮንን። ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት። ከወሎ ራስ ሚካኤል። ከትግራይ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ። ከየቦታው ወደ ዓድዋ በእርሳስ መስመር አስምሩ። የክተት አዋጁ የታወጀው መስከረም ላይ ነው። ጦርነቱ የካቲት 23። አምስት ወር ገደማ፣ በእግርና በበቅሎ። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ ደረሰ? የመቀሌውን ምሽግ ውኃ የማስያዝ ዘዴ የጣይቱ እንደነበር እዚህ ጋ ንገሯቸው። ልጆች ከተኩሱ ይልቅ ስለ ውኃውና ስለ ስንቁ ብዙ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ወደ ወላይታና ከፋ ተመለሱ። ቃል ስትመርጡ ተጠንቀቁ። «አቀና» ካላችሁ አንዱን ወገን ደግፋችኋል፣ «ቅኝ ገዛ» ካላችሁም ሌላውን። በአሥር ዓመት ልጅ ፊት ይህን ክርክር መፍታት የለባችሁም። የሆነውን በተራ ግስ ተናገሩ፦ ጦር ላከ፣ ተዋጉ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ንጉሣቸው ተማረከ፣ መሬታቸው ለመኳንንትና ለወታደር ተከፋፈለ፣ ገበሬው ገባር ሆነ። ይህን የሰማ ልጅ ትክክል እንዳልነበረ ለማወቅ የእናንተን ቅጽል አይፈልግም።

ጅማን አብራችሁ አንሡ። አባ ጅፋር ዳግማዊ ሳይዋጉ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በዚህም ለብዙ ዓመት የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። ሐረር ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ተዋግታ ተሸነፈች። ለልጁ ጥያቄ ስጡት፦ «አንተ የአንድ ትንሽ መንግሥት ንጉሥ ብትሆንና ከአንተ የበለጠ መሣሪያ ያለው ጦር ቢመጣ፣ እንደ ጦና ትዋጋለህ ወይስ እንደ አባ ጅፋር ትስማማለህ?» ትክክለኛ መልስ የለውም። ይከራከር።

አሁን ክሮቹን ቋጥሩ። የሐረሩንም፣ የከፋውንም፣ የልጁንም ክር ከመጀመሪያው ጋር፣ በ12 እና በ14 ሴንቲ ሜትር መካከል። ቋጠሮዎቹ እንዴት እንደተጠጋጉ ልጁ ያያል።

አንድ ሰው ሁለቱን ታሪክ በአንድ ሕይወት ይዞታል፣ ባልቻ ሳፎ። በልጅነቱ በምኒልክ ዘመቻ ተማረከ። ቤተ መንግሥት አደገ። ዓድዋ ላይ መድፈኛ ሆኖ ስሙን አስጠራ። በ1929 ዓ.ም. በሽምግልናው ጣሊያንን ሲዋጋ ሞተ። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የባልቻን ሕይወት ብቻ ብትነግሩት ይህን ደረጃ ጨርሳችኋል ማለት ይቻላል።

የሚመጣባችሁ ከባድ ጥያቄ አለ፣ በተለይ እናትና አባት ከተለያየ ቦታ ከሆኑ። «የአባዬ ሰዎች የእማዬን ሰዎች ወግተዋል?» ይላል ልጁ። አትሸሹ። «አዎ፣ ያኔ ተዋግተው ነበር። አባትህ አልነበረም፣ አንተም አልነበርክም። የሆነውን ግን ማወቅ አለብን» በሉት። ብዙ ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። የሚያንገሸግሸው እኛን አዋቂዎቹን ነው።

ደረጃ 7፦ ድንበሩን ማን አሠመረው?

ለዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ። በስስ ወረቀት የዛሬዋን ካርታ ይገልብጥ። ከዓድዋ በኋላ፣ ከ1889 እስከ 1900 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ምኒልክ በዙሪያው ቅኝ ግዛት ከያዙት ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። አብዛኛው የካርታው መስመር የመጣው ከእነዚህ ውሎች ነው። መስመሩ ሶማሌውን፣ አፋሩን፣ ቦረናውን፣ ኑዌሩን ሁለትና ሦስት ቦታ አድርጎታል። ልጁ ድንበር ላይ ያሉትን ሕዝቦች ይፈልግና ማዶ ወንድሞቻቸው በየትኛው ሀገር እንዳሉ ይጻፍ።

ኤርትራን እዚህ ጋ ንገሩት። አክሱም የንግድ ወደቡ አዱሊስ ነበር፣ አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው። ጣሊያን በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ ብላ አወጀች። በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተጣመረች፣ በ1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ከረጅም ጦርነት በኋላ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነፃ ሀገር ሆነች። አምስተኛ ክር ካላችሁ ጨምሩ፦ ይቀርባል፣ ይለያል፣ ይቋጠራል፣ ይፈታል። ክሩ የሚለያይ ነገር መሆኑንም ልጁ ማየት አለበት።

ደረጃ 8፦ ሕገ መንግሥቶቹን አነጻጽሩ

ይህ ለአሥራ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ታናሹን አታስቸግሩት። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ሆኖ ቀረበ። የ1987ቱ ደግሞ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። በመግቢያው ላይ የተዛባ ግንኙነትን ስለ ማረም ይናገራል፣ በአንቀጽ 39 ደግሞ እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ያስቀምጣል።

የመግቢያውን አንድ ገጽ ብቻ አትማችሁ ስጡት። ሦስት ነገር ያስምር። የሚናገረው ማነው? ስላለፈው ዘመን ምን ይላል? ማን አልተጠቀሰም? አንቀጽ 39 ላይ ልጁ ከእናንተ ጋር ላይስማማ ይችላል። ይሁን። ምክንያቱን ይጻፍ፣ እናንተም የእናንተን ጻፉ፣ ተለዋወጡ። በቃል ከሆነ ፌስቡክ ይሆንባችኋል።

ጉብኝት፦ መቼና እንዴት

ሙዚየም መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አትውሰዱት። ምንም ሳያውቅ የገባ ልጅ አሳንሰሩንና መጸዳጃ ቤቱን ብቻ ያስታውሳል። አዲስ አበባ ላላችሁ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አሉ። የየካቲት 12 ሐውልት ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ስለሆነ በአንድ መንገድ ታዩታላችሁ። ሐረር ላላችሁ ጀጎል ራሱ ሙዚየም ነው። ጅማ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለላችሁ።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሥራ ስጡት፤ «ክራችን ላይ የሌለ አንድ ነገር ፈልገህ ና።» አስጎብኚው ሲናገር ደግሞ ልጁ ክብና ሦስት ማዕዘኑን በደብተሩ ላይ ምልክት ያድርግ። አንዳንድ አስጎብኚ ትረካውንና ማስረጃውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገረው። ልጁ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ አታፍሩበት።

ሩቅ ሀገር የምትኖሩ ደረጃ 1ን በቪዲዮ ስልክ አድርጉት፣ ድምፁንም ቅዱ። ሳንቲሞቹ የብዙ የውጭ ሙዚየሞች ድረ ገጽ ላይ ፎቶ አላቸው።

ክሩን አትጣሉት፣ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ አውጥታችሁ እንደገና ስትዘረጉት ልጁ የሚጨምረውም የሚያነሣውም ወረቀት ይኖረዋል። ስቴፕለሩ ክር ስለሚበጥስ ያኔ በመርፌ ቁልፍ ብታደርጉት ይሻላል።